የእንቅልፍ ኪኒን በአንድ ቀን አይቆምም

የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት ኪኒን ለወራት ሲወስድ የቆየ ሰው መድኃኒቱ እንደያዘው ሲናገር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ቆርጠህ ተወው» የሚል ነው። ምክሩ ከቅን ልብ ቢመጣም አደገኛ ነው። ዳያዜፓምን፣ ብሮማዜፓምንና መሰሎቻቸውን የለመደ አንጎል ራሱን የሚያረጋጋበትን ሥራ ለኪኒኑ ትቶታል። ኪኒኑ በድንገት ሲቀር እንቅልፍ ይጠፋል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፤ ሲብስም መቃዠትና እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ይመጣል፤ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። ዳያዜፓም ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ መዘዙ ከቀናት በኋላ ሊከሰት ይችላል፤ ያኔ ቤተሰቡ ከኪኒኑ መቆም ጋር ላያያይዘው ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 የእነዚህን መድኃኒቶች ማስጠንቀቂያ ያጠበቀው ስለዚሁ አደጋ ነው። መውጫው ቀስ በቀስ መቀነስ ነው፤ ቀስ ማለት የሚቻለው ደግሞ ሕክምናው ለታካሚው ቅርብ ሲሆን ነው። ስለዚህ ይህ ሕክምና በወሎ፣ አምባሰል ወረዳ እንዳለችው ውጫሌ ባሉ ከተሞች በጤና ጣቢያ ደረጃ መሰጠት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የአሜሪካ የሱስ ሕክምና ማኅበር መመሪያ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 ከመቶ በመቀነስ መጀመርን ይመክራል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ25 ከመቶ በላይ መቀነስ እንደማይገባም ያስጠነቅቃል። በየምሽቱ ሁለት ባለ 5 ሚሊግራም ዳያዜፓም የሚወስድ ሰው የአንዱን ኪኒን ሩብ ብቻ ቢተው እንኳ በአንዴ 12.5 ከመቶ ቀንሷል። ከዚያ ቀጥሎ ምን ያህል እንደሚቀነስ፣ መቼ እንደሚቆይበት የሚወሰነው ታካሚው እየታየ ነው፤ ለብቻው የሚሞክረው ነገር አይደለም። ወራት የሚወስደውን ይህን ክትትል የውጫሌ ሰው በሐይቅ በኩል ደሴ፣ ከደሴም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ እየተመላለሰ ይጨርሰው ማለት አቋርጠው ማለት ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር መድኃኒቱም አብሮ ይቋረጣል፤ ይህም ሊፈጠር የማይገባው ድንገተኛ ማቆም ራሱ ነው።

ጉዳዩ ለወሎ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በውጫሌና በአካባቢዋ አልፏል፤ ሰው ተፈናቅሏል፣ ቤተሰቡን ቀብሯል። እንዲህ ያለ መከራ እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ኪኒን ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ አሰቃቂ ነገር በደረሰ በመጀመሪያው ወር ለድንጋጤውም ሆነ ለእንቅልፍ ማጣቱ ለአዋቂዎች እነዚህን መድኃኒቶች ማቅረብ እንደማይገባ አስታውቋል። አስቀድሞ መከላከሉም ሆነ የለመደውን ማውጣቱ የሚጀምረው ሰው መጀመሪያ ከሚሄድበት ጤና ጣቢያና መድኃኒት ቤት ነው።

«የአእምሮ ሐኪም በሌለበት እንዴት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። መልሱን ከስፔን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ከ500 በላይ ታካሚዎችን የረዱት ጠቅላላ ሐኪሞች ነበሩ፤ ስለ መድኃኒቱ አስረድተው ቀስ በቀስ ከቀነሱላቸው ውስጥ 45 ከመቶው በዓመቱ ኪኒኑን ሲያቆሙ፣ በተለመደው አሠራር ከቀጠሉት ያቆሙት 15 ከመቶ ናቸው። በዚያው ዓመት በወጣ የካናዳ ኩቤክ ጥናት ደግሞ የሰፈር መድኃኒት ቤት ደንበኛ ለሆኑ አረጋውያን ስለ አደጋውና ስለ አቀናነሱ የሚያስረዳ ጽሑፍ ብቻ ተሰጠ፤ በስድስት ወር 27 ከመቶው አቆሙ፤ ጽሑፉ ካልደረሳቸው ያቆሙት 5 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ስፔንም ኩቤክም ውጫሌ አይደሉም፤ ሥራው ግን ማስረዳት፣ መቁጠርና መከታተል ነው፤ የሠለጠነ ጤና መኮንን፣ ነርስና ፋርማሲስት ሊሠራው ይችላል። መንፈራገጥ ያጋጠመውን፣ ከፍተኛ መጠን የሚወስደውን፣ ነፍሰ ጡሯንና አረቄ የሚያዘወትረውን ወደ ደሴ መላክ ይገባል።

ሌላው ተቃውሞ «ለሱሰኛ ኪኒን መስጠት ሱሱን መቀለብ ነው፤ ቁጥጥሩን ማጥበቅ ይሻላል» የሚል ነው። ያለ ማዘዣ መሸጥ መቆም እንዳለበት እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ቁጥጥር አዲስ ሰው እንዳይገባበት ያግዳል እንጂ የገባበትን አያወጣም። በሩ በድንገት የተዘጋበት ሰው ወይ ይንፈራገጣል፣ ወይ ያገኘውን ኪኒን ከአረቄ ጋር ይወስዳል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ። ለሚጥል በሽታ ፊኖባርቢታል የሚወስድ ሕመምተኛም በዚህ ቁጥጥር መነካት የለበትም፤ ለእርሱ መድኃኒቱን ድንገት ማቋረጥ ማባሪያ የሌለው መንፈራገጥ ሊያመጣበት ይችላል።

ግሸን ማርያም ባለችበት አምባሰል፣ ጸበልና ዱዓ የሕይወት ክፍል በሆኑበት ወሎ፣ «እምነት ካለህ ኪኒኑን ጣለው» የሚልም አይጠፋም። እምነትና ሕክምና ግን አይጣሉም። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል ለምእመናን ተናግረዋል። ቄሶችና ሼሆች ስለዚህ ኪኒንም ተመሳሳይ ምክር ቢሰጡ ነፍስ ያተርፋሉ።

የአምባሰል ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትና የደቡብ ወሎ ዞን ጤና መምሪያ አዲስ ሕንፃ እንዲሠሩ አልጠይቅም። በውጫሌ ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ባለሙያ ይመደብ፤ ለታካሚው የሁለት ሳምንት ኪኒን ብቻ እየተቆጠረ ይሰጠው፤ መንገድ ሲዘጋ የሚያሻግር መጠባበቂያ መድኃኒት ይቀመጥ፤ ለወራት የወሰደ ማንም ሰው ያለ መቀነሻ ዕቅድ ባዶ እጁን አይሸኝ። ኪኒኑን ለብዙዎቹ ያስጀመራቸው የጤና ባለሙያ ነው፤ በሰላም እስኪያቆሙ አብሯቸው መቆየትም የባለሙያው ግዴታ ነው።