ሄይንዝ ዘመድ የለውም ወይ?

የሄይንዝ ሚስት በካንሰር ልትሞት ነው። የሚያድናት መድኃኒት አለ፤ ቀማሚው ግን 200 ዶላር የፈጀበትን በ2000 ዶላር ካልሆነ አልሸጥም ብሏል። ሄይንዝ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ዞሮ ተበድሮ ግማሹን ብቻ አገኘ። እንግዲህ በሌሊት ሰብሮ ገብቶ ይስረቅ ወይስ አይስረቅ?

ይህን ጥያቄ ጅጅጋ ውስጥ፣ የከሰዓቱ ነፋስ መስኮቱን በሚደበድብ የሆቴል አዳራሽ፣ ለተሰበሰብን መምህራን ያቀረበው ከአዲስ አበባ የመጣ አሠልጣኝ ነበር። ሁላችንም ብዕራችንን ነክሰን ዝም አልን። ከኋላ፣ ጢማቸውን ሂና የቀቡ አንድ የሽኒሌ መምህር እጃቸውን አወጡ።

«ሰውየው ራሱ ነው የዞረው?»

«አዎ፣ ራሱ።»

«ሚስቱን አልጋ ላይ ጥሎ? ወንድም የለውም? ቃራን አልተዋጣለትም?»

አሠልጣኙ ፈገግ አለ። እሳቸው አልጨረሱም።

«ለመድኃኒተኛውስ ሽማግሌ ተልኳል?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አሠልጣኙ «ጋሼ፣ ከጥያቄው አንውጣ» አለና ወደ ቀጣዩ ስላይድ አለፈ። ስላይዱ ላይ የሎውረንስ ኮልበርግ ስድስት የሥነ ምግባር ዕድገት ደረጃዎች ተደርድረዋል። የእሳቸው ዓይነት መልስ ሦስተኛው ላይ ነው፦ ከዘመድ ከወዳጅ ጋር መስማማትን የሚያስቀድም፣ «ጥሩ ልጅ» መባልን የሚወድ። ለጡረታ የተቃረቡ፣ ስንት ደም ያስታረቁ ሰውዬ ከአሜሪካ ጎረምሳ እኩል ተቀመጡ።

እኔም ስቄያለሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ለመሆኑ ይህን መሰላል ማን ሠራው? ኮልበርግ በ1958 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጥናቱን ሲያቀርብ የመረመረው በቺካጎ አካባቢ የሚኖሩ 72 ልጆችን ነው፤ ሁሉም ወንዶች። ሴት አንዲት የለችበትም። ሃርቫርድ አብራው የሠራችው ካሮል ጊሊጋን በ1982 «ሴቶቹስ?» ብላ እስክትጠይቅ ድረስ የሰው ልጅ ማለት የቺካጎ ወንድ ልጅ ነበር። ስድስተኛው ደረጃ ላይ የሚደርስ ሰው ደግሞ ስለጠፋ በኋላ ኮልበርግ ራሱ ደረጃውን ከመመዘኛው አወጣው። ጆን ስኔሪ በ1985 ከ27 አገሮች 45 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ የገጠርና የመንደር ማኅበረሰቦች አምስተኛው ደረጃ ላይ አልተገኙም። የመንደር ሰው በሙሉ ወደቀ! ክፍሉ በሙሉ ሲወድቅ እኮ ጤነኛ መምህር ፈተናውን መልሶ ያያል። ስኔሪም ያለው ይህንኑ ነው፦ አብሮ መኖርን የሚያስቀድም አስተሳሰብ በዚህ ሚዛን አይነሳም። እኛ ግን ስኔሪን አንጠቅስም፤ ሞጁሉ ላይ የለማ!

ቃራንን የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው። ሰው ሲታመም፣ ሲሞት፣ ቤት ሲቃጠል ወገን ያዋጣል። ባለጉዳዩ አይዞርም፤ የሚዞሩለት አሉ። ዛሬ መልእክቱ በስልክ ሚኒያፖሊስ ይደርስና ገንዘቡ በዚያው በስልክ ጅጅጋ ይገባል። የሽኒሌው መምህር ጥያቄውን አልሸሹም። ጥያቄው ውስጥ የተቀበረውን ሐሰት ነው ያወጡት፤ ሰው በጭንቁ ሰዓት ብቻውን ነው የሚለውን ሐሰት።

ሌላውን ከመክሰሴ በፊት የራሴን ወንጀል ልናገር። ማስተማር ስጀምር በተሰጠኝ ሞጁል ላይ ዣን ፒያዤ አራት ደረጃ አለው፣ ኤሪክ ኤሪክሰን ስምንት፣ ኮልበርግ ስድስት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ሠንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ገለበጥኩ። ተማሪዎቼ ደብተራቸው ላይ ገለበጡት፤ ፈተና ላይ መልሰው ገለበጡልኝ። አንድ የቀብሪበያህ ልጅ «በአሥራ ስምንት ዓመቱ እኔ ማነኝ ብሎ የሚጨነቅ ሰው አላውቅም» ብሎ ቢጽፍ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ሰጠሁት። ዜሮ!

ኤሪክሰን ማን ነበር? በ1902 ፍራንክፈርት ተወለደ፤ እናቱ የዴንማርክ አይሁዳዊት ነበረች፤ የወለደው አባት ማን እንደሆነ እስኪሞት አላወቀም። በእንጀራ አባቱ ስም ሆምቡርገር ተብሎ አደገ። በ1939 የአሜሪካ ዜግነት ሲያገኝ ግን «ኤሪክሰን» የሚል ስም ለራሱ አወጣ፤ የኤሪክ ልጅ ማለት ነው፣ ኤሪክ የኤሪክ ልጅ። ይህ ሰው በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ የጉርምስና ትልቁ ትግል ማንነትን መፈለግ ነው አለ። ታዲያ ምን ይበል? አባቱን የማያውቅ ልጅ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ቁስሉን በሐቅ ጻፈ፤ አልነቅፈውም። እንዲያውም የሱ ተማሪዎች ነን ከሚሉት ይሻላል፤ አሜሪካ ውስጥ ፓይን ሪጅ ድረስ ሄዶ «ሱ» የተባሉትን ነባር ሕዝቦች የልጅ አስተዳደግ ተቀምጦ ያየ ሰው ነው። የምነቅፈው ያንን ቁስል የሰው ልጅ ሕግ አድርገን ለአውበሬና ለቶጎ ውጫሌ ልጅ ያስተማርነውን እኛን ነው።

የቶጎ ውጫሌ ልጅ ዱግሲ፣ የቁርዓን ትምህርት ቤት፣ ገብቶ በእንጨት ሰሌዳ ላይ አሊፍ ባ ሲጽፍ ይውላል። ቤቱ ሲመለስ አብቲርሲ ይጠብቀዋል፦ የራሱ ስም፣ የአባቱ፣ የአያቱ፣ የቅድመ አያቱ፣ እያለ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ከሃያም በላይ ትውልድ ሽቅብ ይቆጥራል። እናቱ ስትጠራው «ሆዮ» ትለዋለች፤ «እናት» ማለት ነው። አባቱ «አቦ» ይለዋል። አጎቱ «አዴር» ሲለው እሱም መልሶ «አዴር» ይለዋል። ትልቁና ትንሹ በአንድ ቃል ይጠራራሉ፤ ቃሉ የሚሰይመው ሁለቱ የተያያዙበትን ገመድ ነው። በዚህ አጠራር ያደገ ልጅ «እኔ» የሚለውን ለብቻው ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እንዲመረምር ስንጠይቀው ቢያፈጥብን ማን ነው ደደቡ?

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ካልተናገርኩ ዋሾ ነኝ። አብቲርሲ ሲቆጠር እኔ ዝም የምለው ልጅ ነበርኩ። አባቴ በ1970 ዓ.ም. ለካራማራው ጦርነት ከጎጃም ተነሥቶ መጥቶ እዚሁ የቀረ ወታደር ነው። የሰፈሬ ልጆች አሥራ ስምንት አያት ሲያንበለብሉ ቆይተው ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ስሜን እላለሁ፣ የአባቴን፣ የአያቴን። ከዚያ ነፋሱ ብቻ ይሰማል። የእኛም አገር ሰው እኮ ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥራል! አባቴ ግን አልቆጠረልኝም፤ ጥሎት ስለመጣው አገር ማውራት አይወድም ነበር። ስለዚህ ኮሌጅ ገብቼ ኤሪክሰንን ሳነብ ክው አልኩ። ስለ እኔ ነው የሚያወራው! ከጎኔ ቆመው ሲቆጥሩ ስለነበሩት ልጆች ግን አንድም ቃል አልነበረውም።

ነገሬ ይኸው ነው። ቲዎሪ የምስክር ቃል ነው፤ ምስክር ደግሞ ያየውን ይናገራል። እኛ የአንዱን ምስክር ቃል ፍርድ አድርገን አነበብነው።

ያላየውን አልመሰክርም ያለ ገበሬስ ምን እንደደረሰበት ታውቃላችሁ? የሶቪየቱ አሌክሳንደር ሉሪያ በ1931 እና በ1932 ኡዝቤኪስታን ሄዶ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎችን ጠየቀ፦ በረዶ ባለበት ሩቅ ሰሜን ድብ ሁሉ ነጭ ነው፤ እንዲህ የሚባለው ቦታ ሩቅ ሰሜን ነው፤ እዚያ ያለው ድብ ምን ዓይነት ነው? ገበሬዎቹ እዚያ አልሄድንም፣ ያላየነውን አንናገርም አሉ። ሳይንስ «ረቂቅ ማሰብ አይችሉም» ብሎ መዘገባቸው። ይህንን መልስ ሲቲ ዞን፣ የሶማሌ ጎሳ የሆኑት ኢሳዎች ለሸንጎ ከተቀመጡበት ዛፍ ሥር ውሰዱት። እዚያ ያላየውን ድብ ቀለም የሚመሰክር ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉ አይሰማም።

የፒያዤን ደግሞ እኔው ራሴ ሞከርኩት። እሱ ልጅ ሰባት ዓመት እስኪጠጋ ድረስ፣ ከሰፊ ብርጭቆ ወደ ቀጭን ረጅም ብርጭቆ የተገለበጠ ውሃ የጨመረ ይመስለዋል ይላል። ጅጅጋ ገበያ እናቷ ሥር ተቀምጣ የግመል ወተት በቆርቆሮ እየሰፈረች የምትሸጥ፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ ገና ያልበቀለ ልጅ አገኘሁ። ወተት ገዝቼ ከቆርቆሮው ወደ ቀጭን ጠርሙስ ገለበጥኩና «አሁን በዛ?» አልኳት። አየችኝ። ጠርሙሱን አየች። ደግማ አየችኝ።

«ካልጨመርክበት ከየት ይመጣል?»

እናቷ የት እንደማስተምር ጠየቀችኝ፤ አልነገርኳትም። በ1969 ሜክሲኮ ውስጥ የሸክላ ሠሪ ልጆችን ያጠኑ ሰዎችም ጭቃ ሲያቦኩ ያደጉት ልጆች ጭቃ ቅርጹ ቢለወጥም መጠኑ እንደማይለወጥ ከእኩዮቻቸው ቀድመው ገብቷቸው አግኝተዋል። ፒያዤ ብዙ ሐሳቡን የጀመረው የገዛ ልጆቹን፣ ዣክሊንን፣ ሉሲየንንና ሎራንን እያየ ነው። እነሱ ወተት አይሸጡም ነበር።

ደግሞ ዕድሜ! ሠንጠረዡ በቁጥር ይሄዳል፤ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት፣ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት። እዚህ ሽማግሌው የተወለደው «በዳባዴር» ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1975 ከብቱን በፈጀው፣ «ጅራተ ረጅም» በተባለው ድርቅ። በስደተኛ ካርድ ላይማ ስንቱ ሰው ጃንዋሪ 1 ቀን ተወልዷል! የሐርቲሼክ የስደተኞች መጠለያ በ1988 ከሐርጌሳ ለሸሹ ሰዎች ተከፈተ፣ በ2004 ተዘጋ። መጠለያው ሲከፈት የተወለደ ልጅ ሲዘጋ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። በስምንት ዓመቱ የራሽን ወረፋ ይዞ ታናናሾቹን ያበላን ልጅ የትኛው ሳጥን ውስጥ ትከቱታላችሁ? የጎረቤታችን የኦሮሞ ገዳ እንኳ ልጅን የሚያስገባው በአባቱ ደረጃ እንጂ በራሱ የልደት ቀን አይደለም፤ አባትና ልጅ በአርባ ዓመት ይራራቃሉ። አስመሮም ለገሠ በ1973 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ጽፎበታል። በየኮሌጁ ሞጁል የኤሪክሰን ስምንት ደረጃ አለ፤ የገዳ ስምንት ዓመት የለም።

የባሰው ደግሞ ከደጃችን የተወሰደው ጥጥ ነው። ሕፃን ከእናቱ ጋር ስላለው ቁርኝት የምናስተምረውን ሜሪ ኤንስዎርዝ ማየት የጀመረችው በ1954 እና በ1955 ኡጋንዳ፣ ካምፓላ አካባቢ ባሉ መንደሮች ነው። ባልቲሞር ተፈትሎ ተሸምኖ ሲመለስ የአሜሪካ ልብስ ነው ብለን በውድ ገዛነው። ልጅ የሚያድገው በሚሰጠው የማኅበረሰብ ኃላፊነት ነው ብሎ በ1992 የጻፈውን ካሜሩናዊውን ባሜ ንሳመናንግን ስንት መምህር ያውቀዋል?

«የራሳችን ባህል አለን» ባዮች ግን ይህን አንብባችሁ እንዳታጨበጭቡልኝ። ከእናንተም ጋር ጉዳይ አለኝ።

እዚህ ሰው በአደራ ያድጋል። ወንዱ ልጅ መጀመሪያ ግልገል ይሰጠዋል፣ ከዚያ ፍየልና በግ፣ ጥርሱን ሲነቅል ከግመሎቹ ጋር ሩቅ ይሄዳል፤ አደራውን ከተወጣ ከፍ ይላል፣ በርባር፣ ጎበዝ ወጣት፣ ይባላል፣ ኋላም ኦዳይ፣ የአገር ሽማግሌ፣ ሆኖ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ያምራል። ልጅቷስ? ውሃው በጀርባዋ ነው፣ ፍየሎቹ በእጇ፣ ጎጆው ሲፈርስና ሲተከል በእሷና በእናቷ ትከሻ ነው። አደራው ሁሉ ተሰጣት፤ ማዕረጉ የታለ? ዛፉ ሥር ማን አስቀመጣት? ይባስ ብሎ ለደም ካሳ ልጃገረድ የተሰጠችበት ዘመን ተረት አይደለም። በ2024 ዩኔስኮ የኢሳን ባህላዊ ሕግ፣ ሔርን፣ ሲመዘግብ እኔም ደስ ብሎኛል። ደስታዬ ግን እህቶቼ ወደቆሙበት ሲዞር ይቀዘቅዛል።

ወንዶቹም ቢሆኑ ዛሬ ምን አደራ ተሰጣቸው? ዲግሪ ይዞ ባጃጅ የሚነዳው፣ ባጃጁም የሰው የሆነው፣ ከሰዓት ጫት ቤት የሚውለው የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ የትኛው ደረጃ ላይ ነው? ጄፍሪ አርኔት በ2000 እ.ኤ.አ. ከ18 እስከ 25 ያለውን ዕድሜ ራስን የመሞከሪያ፣ የማሰሻ ጊዜ ነው ብሎ ሰየመው። ምን ያስሳል? ሰፈሩ «ተቀምጧል» ነው የሚለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወጣቶች ፖሊሲያችን ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ነው ይላል፤ ሠላሳ ሲሞላው እንግዲህ ምን ይባል? ዳንኤል ሜይንስ የጅማን ሥራ አጥ ወጣቶች አጥንቶ በ2012 እ.ኤ.አ. ላሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ያደረገው የእኛኑ ቃል ተርጉሞ ነው፦ ተስፋ መቁረጥ። ኦዳዮቹ ግመል ሸጠው ሕንፃ ሲሠሩ ለልጁ የሚተካ አደራ አላሰቡም። ግመሉ ሄደ፣ ግመሉ ይሰጥ የነበረው ማዕረግም አብሮት ሄደ፤ ልጁ መንገድ ዳር ቀረ።

የሽኒሌውን መምህር በሻይ ሰዓት ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ረስተውታል። እሳቸውን ያሳሰባቸው ሌላ ነበር፤ «ሴትየዋ ዳነች ወይ?» አሉኝ። ታሪኩ መጨረሻ የለውም አልኳቸው። ሻያቸውን አስቀመጡና «እንዲህ ያለ ታሪክ ለልጅ ይነገራል?» አሉ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ሠንጠረዡን ሰሌዳ ላይ አልገለብጥም። የመጀመሪያው የቤት ሥራ አንድ ገጽ ነው፦ አብቲርሲህን ወይም ሰባት ቤትህን የምታውቀው ድረስ ጻፍ፤ የቆምክበት ስም ላይ ለምን እንደቆምክ ጻፍ፤ ከዚያ ኤሪክሰንን አንብብና ስለ አንተ ያለው ነገር ካለ አሳየኝ። ለሴቶቹ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ በቆጠራው ውስጥ የእናትሽ ስም የት ገባ? ዜሮ የሰጠሁትን የቀብሪበያህ ልጅ ስልኩን አፈላልጌያለሁ፤ እስካሁን አላገኘሁትም። የቤት ሥራውን እኔም ከተማሪዎቼ ጋር እጽፋለሁ። የእኔ ሦስተኛው ስም ላይ ይቆማል።