ስሙን ለባለቤቱ እንመልስ

«አዝማሪ ቤት» መባልን አፍረው በሰሌዳቸው ላይ «የባህል ምሽት» ብለው የሚጽፉ ቤቶች አሉ። ለመሆኑ የሚያሳፍረው ምኑ ነው?

ቃሉን ከሥሩ እንመርምር። «አዝማሪ» የግእዙ «ዘመረ» ልጅ ነው፤ «መዝሙር» እና «ዝማሬ» ወንድሞቹ ናቸው። ከአንድ ግንድ ከበቀሉት ሦስቱ መካከል ሁለቱን አክብረን ሦስተኛውን መሳደቢያ ያደረግነው እኛ ነን እንጂ ቋንቋው አይደለም።

የቤቱም አሰያየም ሌላ ምስክር ነው። ጠጅ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ ቡና ቤት የተባሉት በሚቀዳው መጠጥ ነው። አዝማሪ ቤት ግን የተጠራው በሰው፣ ያውም በከያኒው ነው። መጠጡ እዚያም ይቀዳል፤ ሕዝቡ ግን ስም ሲያወጣ ብርሌውን ትቶ ማሲንቆ የያዘውን መረጠ። «የባህል ምሽት» ማለት እንግዲህ ይህን ሰው ከገዛ ደጁ ማስወጣት ነው።

የአዝማሪን ክብደት ጠላት እንኳ ተረድቶታል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችን ከጠንቋዮች ጋር እያስለቀመ አስገደለ። የፈራው የማሲንቆውን ጭራ አልነበረም፤ በሰምና ወርቅ ተጠቅልሎ ከመንደር መንደር የሚዘዋወረውን ቃል ነበር።

ይህን መምህሩ በክፍሉ፣ ደራሲው በብዕሩ ሊያስተምር ይገባል። በአዝማሪ ቤት ደንብ ግጥም ሰጪው «ተቀበል!» ሲል አዝማሪው ይቀበላል። ለዘመናት የእኛን ቃል ሲቀበል ኖሯል። አሁን ተራው የእኛ ነው፤ ስሙን ከነክብሩ እንቀበለው!