የሰዓት ባትሪው ከወጣ በኋላ

ሕፃናት ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው መክተታቸው የታወቀ ነው። ከሚውጡት ባዕድ ነገር አብዛኛው በሰገራ ስለሚወጣ «ይወርዳል» ብሎ መጠበቅ ተለምዷል። በተለምዶ የሰዓት ባትሪ ለምንለው ክብና ጠፍጣፋ ባትሪ ግን ይህ ልማድ ፈጽሞ አይሠራም።

20 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ባለ 3 ቮልት የሊቲየም ባትሪ በሕፃን የምግብ ቧንቧ ውስጥ በቀላሉ ይቀረቀራል። ጉዳት ለማድረስም መፍሰስ አያስፈልገው። ዋልታዎቹ እርጥብ ሥጋ ሲነኩ ኤሌክትሪክ ይተላለፋል፤ በአሉታዊው ዋልታ በኩል ከሰውነት ፈሳሽ ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል፤ ይህም እንደ ኮስቲክ ሶዳ ሥጋን ያቃጥላል። ብርቱ ቃጠሎ ለማድረስ 2 ሰዓት ይበቃዋል። አለቀ ተብሎ የተጣለ ባትሪ እንኳ ለዚህ የሚበቃ ኃይል ሊኖረው ይችላል።

የምግብ ቧንቧ የሚወርደው ከአከርካሪ ፊት ለፊት ተጠግቶ ነው። በመሆኑም አሉታዊው ገጽ ወደ ኋላ የዞረ እንደሆነ ቃጠሎው የቧንቧውን ግድግዳ አልፎ፣ ለባክቴሪያ መንገድ ከፍቶ፣ የአከርካሪ አንጓዎችንና በመካከላቸው ያለውን ዲስክ ለማመርቀዝ ሊዳርግ ይችላል። ይህ ሕመም ብርቅ ነው፤ ክፋቱ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ባትሪው በሐኪም ከወጣ ሳምንታት አልፈው፣ ሁሉም ነገር ተረሳ ሲባል፣ የሕፃኑ አንገት ይገተራል፤ ራሱን ማዞር እምቢ ይላል፤ ሊያተኩሰውም ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ለሳምንታት በሚሰጥ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይታከማል፤ ከዘገየ ግን አንጓው ሊፈርስ፣ ኅብለ ሰረሰርም ሊጎዳ ይችላል።

«ብርቅ ለሆነ ሕመም ይህን ያህል መጨነቅ ለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ፣ ብርቅነቱ ራሱ ለመዘንጋት ምክንያት ስለሚሆን ነው የሚል ነው። ኤም.አር.አይ. በየቦታው በማይገኝበት አገር ርካሹ የምርመራ መሣሪያ ጥያቄ ነው። አንገቱ የተገተረ ሕፃን ሲመጣ «ባለፉት ሳምንታት የዋጠው ነገር ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። ባትሪ የወጣለት ሕፃን ወላጅም ወደ ቤቱ ሲመለስ እነዚህ ምልክቶች በጽሑፍ ሊሰጡት ይገባል። በራጅ ላይ የሚታይ ክብ ነገርም ጠርዙ ድርብ ቀለበት አለመሆኑ ሳይጣራ «ሳንቲም ነው» ሊባል አይገባም።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን መከላከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በአውስትራሊያ እነዚህ ባትሪዎች ያሉባቸውን ዕቃዎች የሚመለከት አስገዳጅ የደኅንነት ደረጃ ተግባራዊ ሆኗል፤ በዚያው ዓመት አሜሪካም ሕግ አውጥታለች። ዋናው ሐሳብ ቀላል ነው፤ የባትሪው ክዳን ሕፃን በጣቱ የማይከፍተው ይሁን። የእኛም ተቆጣጣሪዎች ከውጭ የሚገቡ መጫወቻዎችንና ሪሞቶችን በዚህ መለኪያ ቢመዝኑ፣ በብሎን የታሰረ አንዲት ክዳን የአንድን ሕፃን አከርካሪ ታድናለች። እስከዚያው ባትሪ ዋጠ ብሎ የተጠራጠረ ወላጅ ሊያስታውከው ሳይሞክር፣ ሰገራም ሳይጠብቅ፣ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰደው።