ጡሩምባው ሳይነፋ

ለአዲስ አበባ እድር ዳኞችና አባላት የቀረበ ጥሪ

የሰፈር ልጅ በጩቤ ተወግቶ ሲሞት እድር ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል። ጡሩምባ ነፊው በሌሊት ይወጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከመጋዘን ይወጣል፣ ለቤተሰቡም ገንዘቡ ይከፈላል። ጠቡ በተራ ነገር፣ በኳስ ውርርድ ወይም በአንድ ስልክ እንደተነሣ የምንሰማው እዚያው ድንኳን ውስጥ ነው። ልጆቹ ከሁለት ሳምንት በፊት መጣላታቸውን፣ መዛዛታቸውንም የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ይህን ጥሪ የምጽፈው ስለነዚያ ሁለት ሳምንታት ነው።

ጋሪ ስሉትኪን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በአፍሪካ ከኮሌራና ከኤችአይቪ ጋር ሲታገል ኖሮ በ1995 እ.ኤ.አ. ወደ ቺካጎ ተመለሰ። የከተማዋን ግድያ ሲመረምር እንደ ወረርሽኝ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚጋባ ሆኖ አገኘው። በ2000 እ.ኤ.አ. ዌስት ጋርፊልድ ፓርክ በሚባል ሰፈር የጀመረው ሥራ የቆመው በሰፈሩ ሰዎች ላይ ነው፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው እስር ቤት የከረሙ፣ ጎረምሳው ግን የሚሰማቸው። ቂም የያዘውን ልጅ ፈልገው ያገኙታል፣ ቁጣው እስኪበርድ አይለዩትም።

ገላጋይ መሆኑ ነው። ገላጋይ ደግሞ በእኛ ዘንድ ሞልቷል። እኔ በምኖርበት ሰፈር አንዲት ጠላ ሻጭ እናት አሉ። ድንጋይ ያነሣውን ልጅ ክንዱን ይዘው "በሞቴ" ብለው ቤት ያስገቡታል፣ በሩን በጀርባቸው ዘግተው ይቀመጣሉ፣ ቡና ያፈላሉ፤ በረካው ሳይጠጣ አይወጣም። በማግስቱ የሌላኛውን ልጅ እናት ሄደው ያነጋግራሉ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ከጎናቸው የሚቆም የለም፣ የትራንስፖርት እንኳ የሚሸፍንላቸው የለም። ይህ ያሳፍረናል።

እድር የቀብር ነው የሚል ካለ የኤችአይቪን ዘመን ያስታውስ። ያኔ ቀብሩ ሲበዛ ብዙ እድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው አልጋ ላይ የዋለውን በሕይወት ሳለ መርዳት፣ ወላጅ አልባውን ማሳደግ ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። የሰፈሩ ልጆች በጩቤ ሲጠፋፉም ያው ደንብ ሊሻሻል ይችላል። ለፖሊስ ብቻ እንተወው የሚለውን ሞክረነዋል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ዋስትና እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላም መንገድ ዳር የሚውሉት የእኛው ልጆች ናቸው።

ደግሞም ገላጋይ ብቻውን አይበቃም። ልጁ ነገ ጠዋት የሚሄድበት ሊኖረው ይገባል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ውጤቱ በተነገረ ማግስት የት ዋሉ? የጫት ቤቱና የቁማር ቤቱ በር ያን ቀን ክፍት ነበር፤ የእኛ በር ግን አልነበረም።

በዚያው በቺካጎ የተደረገ ሌላ ሙከራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጥቃት ከበዛባቸው 13 ትምህርት ቤቶች በዕጣ የተመረጡ ወጣቶች አንድ ክረምት ለስምንት ሳምንት፣ በሳምንት 25 ሰዓት በደመወዝ እንዲሠሩ ተደረገ፤ የሚከታተላቸው ትልቅ ሰውም ተመደበላቸው። ሳራ ሄለር የተባለች ተመራማሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ በ16 ወራት ውስጥ በኃይል ወንጀል መታሰራቸው ዕጣው ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸር በ43 በመቶ ቀንሷል። ልዩነቱ ይበልጥ የታየው ሥራው ካለቀ በኋላ መሆኑ እኔን በጣም ያስደንቀኛል። ስምንት ሳምንት ብቻ!

ስለዚህ ጋራዥ፣ እንጨት ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ የውበት ሳሎን ያላችሁ የእድር አባላት፣ እያንዳንዳችሁ አንድ ልጅ ለስምንት ሳምንት ውሰዱ። ሴቶቹን አትርሱ፤ ቤት ውስጥ ስለተቀመጡ ደህና ናቸው ማለት አይደለም። የምሳና የትራንስፖርቱን እድሩ ይሸፍን። በዋሽንግተንና በሲልቨር ስፕሪንግ ሆናችሁ ለድሮ ሰፈራችሁ ለቅሶ ገንዘብ የምታዋጡ፣ ከዚያው መዋጮ የአንድ ልጅ የሁለት ወር ወጪ ቻሉ። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥታችሁ ኮንዶሚኒየም የገባችሁ ደግሞ ከሁሉ በፊት በየብሎኩ ያሉትን ልጆች በስም እወቁ፤ ስሙን ያላወቁትን ልጅ መገላገል አይቻልም።

በሚመጣው ወርሃዊ ስብሰባ ይህ አጀንዳ ይያዝ። ዳኛው ካላስያዙት እጃችሁን አውጥታችሁ እናንተ አስይዙት። ልጆቹ የሚያከብሯቸው ሁለት ገላጋዮች፣ አንድ ሴት አንድ ወንድ፣ ይመረጡ፤ የስልክና የትራንስፖርት ይመደብላቸው። ልጅ የሚቀበሉ ባለሙያዎች እዚያው ተነሥተው ይመዝገቡ። ስብሰባው ከመበተኑ በፊትም ሁሉም ስም ከነስልክ ቁጥሩ በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።