የተጣበቀ የፒቲኦ እጀታ በመዶሻ አይፈታም



የመውቂያ ወቅት ሲደርስ ክረምቱን ደጅ ቆመው የከረሙ አሮጌ ትራክተሮች ሁሉ ይወጣሉ። ለመውቂያው ኃይል የሚሰጠው የፒቲኦ እጀታ አልገባም ወይም አልወጣም የሚለውም ያኔ ነው። ክምሩ ይጠብቃል፣ ደመና ይታያል፣ ወረፋ የያዘው ጎረቤት ይነዘንዛል። ስለዚህ መዶሻ ይመጣል፤ ካልሆነም እጀታው ላይ ረጅም ቱቦ ተሰክቶ ሁለት ሰው ይጎትታል። ይህ መቅረት አለበት እላለሁ። ከዚህ የባሰው ደግሞ እጀታው አልወጣ ሲል «ግድ የለም፣ በፍሪሲዮን እንይዘዋለን» ብሎ ሥራ መቀጠል ነው።

ለምን? እጀታው ውስጥ ያለውን ማርሽ የሚገፋው በትንሽ ሹካ ነው። በቱቦ ስትጎትቱ የሚሰበረው ያ ሹካ ወይም ፒኑ ነው። ያኔ ዘይቱ ተደፍቶ የትራክተሩ ጎን ወይም ኋላ ሊከፈት ነው። የአንድ ሰዓት ችግር የሳምንት ይሆናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ። ከሁሉ በፊት ሞተሩን አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ዘንጉ መሽከርከሩን ጨርሶ ሳያቆም ማንም ወደ ኋላ አይሂድ።

1. መውቂያውን እዩ። ገለባ ጠቅጥቆት ከቆመ ካርዳኑ ተወጥሮ ማርሹን ቀርቅሮ ይይዛል። ገለባውን አውጡ፤ የተወጠረው ሲለቀቅ ሊፈናጠር ስለሚችል እጃችሁን ጠብቁ። ከዚያ ካርዳኑን ከትራክተሩ ንቀሉትና እጀታውን ሞክሩ። ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ ከትራክተሩ ሳይሆን ከመውቂያው ወይም ከካርዳኑ ነው።

2. ጥርስ ከጥርስ ተጋጥሞ ይሆናል። ሞተሩ እንደጠፋ አንድ ሰው ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ይርገጥ፣ ሌላው ዘንጉን በእጁ ወዲያ ወዲህ ያወዛውዝ። ብዙ ጊዜ እጀታው በቀላሉ ይገባል ወይም ይወጣል።

3. ፍሪሲዮኑን ፈትሹ። እንደ ማሲ ፈርጉሰን 135 እና 165 ባሉ ብዙ አሮጌ ትራክተሮች ፔዳሉ ሁለት ደረጃ አለው፤ ግማሽ ሲረገጥ የጎማው ጉዞ ብቻ ይቆማል፣ ፒቲኦው የሚለቀቀው እስከ ታች ሲረገጥ ነው። እስከ ታች ረግጣችሁ፣ ትንሽ ጠብቃችሁም እጀታው ሲነካ ከተንገጫገጨ ፍሪሲዮኑ መስተካከል አለበት ወይም አልቋል። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው።

4. ዝገትና ጭቃ። የእጀታውን መገጣጠሚያ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ ናፍጣ ወይም ቀጭን ዘይት አጠጡትና አሳድሩት። ጠዋት በእጃችሁ ብቻ ቀስ እያላችሁ አላሉት። የታጠፈ ዘንግ ወይም የወደቀ ፒን ካለም የሚታየው ያኔ ነው።

5. ዘይቱን እዩ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ይቀየር።

እነዚህን ሁሉ ሞክራችሁ እምቢ ካለ፣ ወይም እጀታው እየተንቀሳቀሰ ዘንጉ ካልታዘዘ፣ ችግሩ ከውስጥ ነው። እዚያ ላይ አቁሙና መካኒክ ጥሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፒቲኦ በ540 ዙር ሲሠራ በአንዲት ሰከንድ 9 ጊዜ ይሽከረከራል። ካርዳኑ 7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው በሰከንድ ወደ 2 ሜትር ጨርቅ ይጠቀልላል። የጋቢ ጫፍ፣ የነጠላ ዘርፍ፣ የሻርፕ ጠርዝ ከያዘ «አጥፋው!» ብላችሁ ሳትጨርሱ ሰውየውን ስቦታል። በፍሪሲዮን ብቻ የተያዘ ፒቲኦ ደግሞ የኦፕሬተሩ እግር ከተንሸራተተ ወዲያው ይነሳል። አውድማ ላይ ደግሞ ልጆች አሉ፣ ነዶ የሚያቀብሉ እናቶች አሉ።

ስለዚህ ፒቲኦው የማይወጣ ትራክተር ለመውቂያ ብቁ አይደለም፤ ሞተሩ የቱንም ያህል ጥሩ ይሁን። የምትከራዩ ገበሬዎችም ዝም አትበሉ። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት «እስቲ ፒቲኦውን አስገባና አውጣ፣ እንየው» በሉ። ካርዳኑ መከለያ እንዳለውም ተመልከቱ። ይህ ኦፕሬተሩን መናቅ አይደለም፤ የምትከፍሉት ገንዘብ የሚሰጣችሁ መብት ነው። ባለቤቶችም «ከመኸር በኋላ አሠራዋለሁ» አትበሉ። ጥገናው ከመኸር በፊት ቢሆን መካኒኩም ይገኛል፣ ወረፋም የለም።

ዝናብ ያበላሸው እህል ያሳዝናል፤ ቢሆንም በሚቀጥለው ዓመት ይዘራል። ክንድ ግን አይበቅልም።

ትራክተር ያለው ወይም የሚከራይ ጎረቤት ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አጋሩት። መልካም የመውቂያ ጊዜ ይሁንላችሁ!