ስለ ካርልተን ኩን የዘር ትምህርት

ካርልተን ኩን የተባለው አሜሪካዊ የሰው ዘር መርማሪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1904 ዓመተ ምሕረት በማሳቹሴትስ ተወልዶ፤ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1928 የዶክተርነትን ማዕርግ የተቀበለ ሰው ነው። ትምህርቱም በወንበር ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም፤ በሞሮኮ በሪፍ ተራራ፥ በአልባኒያ፥ በ1933ም በኢትዮጵያ እየተዘዋወረ የሰውን ራስና አፍንጫ በመለኪያ ለክቷል። ድካሙን ማንም አይክደውም፤ ነገር ግን መለኪያው የአጥንትን ስፋት እንጂ የሰውን ማዕርግ የማይናገር መሆኑን ሊያስተውል አልፈቀደም።

በ1939 ስለ አውሮፓ ዘሮች ባሳተመው መጽሐፍ፤ ከምሥራቅ አፍሪቃ ሕዝብ ብዙውን ክፍል ከሜዲቴራኒያን ነጮች ጋራ አዛመደው። ይህን እንደ ምስጋና የሚቀበል ኢትዮጵያዊ ቢኖር ተታሏል። ጎረቤትን ዝቅ ለማድረግ በተሠራ መሰላል ላይ ከፍ ያለ እርከን ማግኘት ክብር ሊባል አይችልምና፤ መሰላሉን ያቆመው እጅ ደግሞ በወደደ ጊዜ መልሶ ያወርዳል።

በ1962 ያወጣው መጽሐፍ ከሁሉ የከፋ ነው። የሰው ልጅ ገና ፍጹም ሰው ሳይሆን በአምስት ዘር ተከፍሎ፤ እያንዳንዱ ለብቻው በየጊዜው ወደ ሰውነት ደረጃ እንደ ደረሰ፤ ጥቁር አፍሪቃዊም ከኋለኞቹ እንደ ሆነ አስተማረ። ዶብዣንስኪ የተባለው የዘር ውርስ ሊቅ ግን አንድ ዓይነት ለውጥ ተለያይተው በሚኖሩ አምስት ወገኖች ላይ ለየብቻው ሊደርስ የማይቻል መሆኑን ገልጾ ተቃወመው።

ጊዜውም ተራ ጊዜ አልነበረም፤ የአሜሪካ ጥቁሮች ልጆቻቸው ከነጭ ልጆች ጋራ በአንድ ትምህርት ቤት እንዲማሩ የሚታገሉበት ነበር። የኩን ዘመድ ፑትናም ይህን የሚቃወም መጽሐፍ በ1961 አሳተመ። የሰውነት መርማሪዎች ማኅበር መጽሐፉን ባወገዘ ጊዜ፤ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበረው ኩን ሳይንስ ለፖለቲካ አይገዛ ብሎ ሥልጣኑን ለቀቀ። ቃሉ ያማረ ነበር፤ ዳሩ ግን በኋላ የተመረመሩት ደብዳቤዎቹ ፑትናምን በስውር ይረዳው እንደ ነበር ያስረዳሉ። እንግዲህ ሳይንስን ለፖለቲካ ያስገዛው ማን ነው?

የአጥንቱ ምስክርነት ከኢትዮጵያ መጣ። በ1967 በኦሞ ሸለቆ የተገኘው የሰው ቅሪት በ1969 የ130000 ዓመት ዕድሜ ተገመተለት፤ በ2022 የታተመው ምርመራ ደግሞ ከ230000 ዓመት በላይ አደረሰው። ይህም ለኢትዮጵያ ብቻ የትምክሕት ምክንያት አይደለም፤ የማሳቹሴትስ ሰው አባትም ከዚሁ ከአፍሪቃ የወጣ ነውና። ኩን በ1981 ሲሞት የኦሞ አጥንት ከተገኘ 14 ዓመት ሆኖት ነበር።