«የሽማግሌ ዱላ» ለምትሉኝ ሁሉ

ባለፈው እሁድ አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ፎቶው ላይ ያለው የተጫጫረ አሮጌ የጎልፍ ዱላ ነው፤ ከሥሩ 7 ቁጥር ተጽፎበታል። ይሄን ያህል ጉድ ይፈላል ብዬ አልጠበቅኩም። «ቲቸር፣ እሱ እኮ የሽማግሌ ዱላ ነው»፣ «የሴት ነው»፣ «ወንድ ልጅ 3 ቁጥር ነው የሚይዘው»። አንዱማ፣ ያውም እኔው ፊዚክስ ያስተማርኩት ልጅ፣ «ቲቸር አረጁ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አላረጀሁም። ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ። ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ ስላልሆነ ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ጎልፍ የማታውቁ ወዳጆቼ እንዳትሸሹ፣ በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ተጫዋች በቦርሳው ከ14 ዱላ በላይ መያዝ አይችልም፤ ሕጉ ነው። ድራይቨር የሚባለው ረጅሙ ዱላ መጀመሪያ ላይ፣ ኳሷ በትንሽ እንጨት ላይ ተሰቅላ የምትመታበት ነው። አይረን የሚባሉት ቀጫጭኖቹ ብረቶች ለቅርቡ ናቸው። በሁለቱ መሃል፣ ኳሷ ሳር ላይ ተኝታ ገና ሩቅ ሲቀራችሁ የምትመዙት ፌርዌይ ውድ ይባላል። «ውድ» የተባለው ድሮ ጭንቅላቱ የእውነት እንጨት ስለነበር ነው። ቴይለርሜድ እ.ኤ.አ. በ1979 የብረቱን ይዞ ከመጣ በኋላ እንጨቱ ቀስ በቀስ ቀረ፤ ስሙ ግን ቀረለት። ቁጥሩ ሲያንስ ፊቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ወደ ኋላ ጋደል ይላል። 3 ቁጥር ወደ 15 ዲግሪ፣ 5 ቁጥር ወደ 18፣ 7 ቁጥር ወደ 21፣ 9 ቁጥር ወደ 24 ዲግሪ ነው። ይህን ጋደልታ ሎፍት ይሉታል። በቃ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ይገባችኋል።

አሁን ወደ ጸቡ።

እኔ በልጅነቴ ቅዳሜና እሁድ አሮጌው ኤርፖርት ባለው የጎልፍ ሜዳ ቦርሳ እየተሸከምኩ የደብተር መግዣ አገኝ ነበር። ስለዚህ ይሄን ነገር ከሜዳው አውቀዋለሁ፣ ከዩቲዩብ አይደለም። ያኔም ዛሬም የማየው አንድ በሽታ አለ። ሰው ዱላ የሚመርጠው ለሚመታት ኳስ ሳይሆን ለሚያየው ሰው ነው። 3 ቁጥር ከቦርሳ ሲወጣ ያምራል። ከዚያ ኳሷ ሃያ ሜትር ተንከባላ ትቆማለች። ሰውየው ሳሩን ይቆጣል፣ ካዲውን ይቆጣል፣ ዱላውን ግን አይቀይርም።

ይሄ በራሱ ገንዘብ የሚቀልድ ሰው ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ዝም ያላልኩት በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። ስሙን አልጠራም። አምና 11ኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ካዲ ነው። አንድ ደንበኛው ደስ ብሎት አሮጌ 3 ቁጥሩን ሰጠው። ሰውየው ክፋት የለበትም፣ እንደውም ቸር ሰው ነው። የሰጠው ዱላ ግን ጭንቅላቱ ጠባብ፣ ፊቱ ቀጥ ያለ፣ ዘንጉ እንደ ፌሮ የደረቀ ነበር። ልጁ ሁለት ወር ሙሉ ባገኘው ትርፍ ሰዓት መታ። ኳሷ ወይ ሳር ለሳር እንደ አይጥ ትሮጣለች፣ ወይ ወደ ቀኝ ተጠማዝዛ ትጠፋለች። በመጨረሻ መጥቶ «ቲቸር፣ ጎልፍ ለኔ አልተፈጠረም፣ ልተወው ነው» አለኝ።

ያንን የሳቃችሁበትን 7 ቁጥር ከአንድ ወዳጄ ተውሼ ሰጠሁት። የመጀመሪያዎቹን አምስት ኳሶች አበላሸ። ስድስተኛዋ ተነሳች። አፉን ከፍቶ እስክታርፍ አያት። ከዚያ ዱላውን ገልብጦ ቁጥሩን አየና «ታዲያ እስከዛሬ ጥፋቱ የኔ አልነበረም?» አለኝ። «ግማሹ ያንተ ነበር፣ ግማሹ የዱላው» አልኩት። እውነቱም እሱ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ግን ልጁ ሙሉውን በራሱ ላይ ጭኖት ነበር። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

አሁን ፊዚክሱ። የልደታ ልጆች፣ «አሮጌው ኤርፖርት» ለምን አሮጌ እንደሆነ ታውቃላችሁ? አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ ሲጀምር ቤቱ የልደታ አየር ማረፊያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቦይንግ 720 ጄት ሊመጣ ሲል ግን የልደታ መንደርደሪያ አጠረው። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ክንፍ የሚያገኘው ድጋፍ ይቀንሳል፣ አውሮፕላኑ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ቦሌ የተሠራው።

የጎልፍ ኳስም ያው ነው። ኳሷ ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ስለምትሄድ አየሩ ከሥር ይደግፋታል፤ ከምቱ በተጨማሪ አየር ላይ የሚያቆያት ይሄ ነው። እዚህ ድጋፉ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ በባህር ዳርቻ ሜዳ ላይ ከምትሄደው ዝቅ ብላ ትሄዳለች። በሌላ በኩል የሚይዛት አየርም ስለሚያንስ በደንብ የተመታች ኳስ ወደ አሥር በመቶ የሚጠጋ ርቀት ትጨምራለች። አሁን አስሉት፦ ርቀቱን አየሩ በነጻ ሰጥቶናል፣ የሚጎድለን ከፍታ ነው። ታዲያ አዲስ አበባ ላይ ኳስ ዝቅ አድርጎ የሚልክ ዱላ መርጦ በርቀት የሚፎክር ሰው ምን ይባላል? በበጋ ደግሞ መሬቱ ሲደርቅ ዝቅ ብላ የመጣች ኳስ ግሪኑ ላይ አትቆምም፣ አልፋ ትሄዳለች። ከላይ የወረደች ግን ትቆማለች።

ሁለተኛው ነጥብ «ይቅር ባይ» የምለው ዱላ ምን እንደሆነ ነው። የድሮ ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ ያሳየኋችሁን አስታውሱ። የመጥረጊያ እንጨት መሃሉን ይዛችሁ፣ ውሃ የሞሉ ሁለት ሃይላንዶች እጃችሁ አጠገብ ብታስሩበት በቀላሉ ታሽከረክሩታላችሁ። ሃይላንዶቹን ወደ ሁለቱ ጫፍ ብትወስዷቸው ግን እጃችሁ እስኪደክም ይታገላችኋል። ክብደቱ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ቦታው ነው። ይቅር ባይ ዱላም ክብደቱ ወደ ዳርና ወደ ኋላ ተገፍቶ የተሠራ ነው። ኳሷን መሃል ላይ ሳታገኟት በጫፍ ብትነኳት ጭንቅላቱ እንደ ጠባቡ ዱላ አይጠመዘዝም። ስህተታችሁን አያጠፋም፣ ቅጣቱን ይቀንሳል። በዚያ ላይ ክብደቱ ዝቅ ስላለ ኳሷን ያነሳታል።

«የሴት ዱላ» ላላችሁኝ። በደራርቱ ሀገር «የሴት ነው» ተብሎ የሚሰደብ ነገር መኖሩ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታመጣ ማን ነበር «የሴት ሩጫ ነው» ያለው? ለማንኛውም የወንድ ምስክር ካላመጣህ አናምንም ካላችሁ፣ ደስቲን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2020 ማስተርስን በ20 ምት ከፓር በታች ሲያሸንፍ፣ ያውም የዓለም አንደኛ ሆኖ፣ ቦርሳው ውስጥ 7 ቁጥር ውድ ነበረው። ኳስ ከማናችንም አርቆ የሚመታ ሰው ነው። ለእሱ ያላሳፈረው ለኛ ለምን ያሳፍራል?

«ይቅር ባይ ዱላ ሰው ያሰንፋል፣ በከባዱ የተማረ ጎበዝ ይወጣዋል» ያለኝም አለ። ወንድሜ፣ ይሄን ክርክር መምህራን ስብሰባ ላይም እሰማዋለሁ። ከቀጣሁት ይጎብዛል ይላሉ። እኔ በማስተማር ዘመኔ ያየሁት ሌላ ነው። አንድ ጥያቄ በትክክል የሠራ ልጅ ለሁለተኛው እጁን ያወጣል፤ አሥሩንም የተሳሳተ ልጅ በሚቀጥለው ቀን የኋላ ወንበር ላይ ነው የማገኘው። ኳሷ ስትነሳ ያየ ልጅ ነገም ይመጣል። ልምምድ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሳይመለስ የቀረን ልጅ ምን ታጎብዘዋለህ?

አባቶቻችን ይሄን ያውቁት ነበር። ከገጠር የመጣው አጎቴ ለገና ጨዋታ ዱላ ሲመርጥልኝ ትዝ ይለኛል። እኔ ቀጥ ያለውን፣ የሚያብረቀርቀውን አነሳሁ። እሱ ነጠቀኝና ጫፉ ሰፋ ብሎ የታጠፈውን ሰጠኝ። «ሜዳው ጉድባ ነው፣ ሩሯም ቀጥ ብላ አትመጣልህም፤ ይሄኛው ብትስታትም ያገኝልሃል» አለኝ። ፊዚክስ አልተማረም። ሜዳውን ግን ያውቀዋል።

ታዲያ ልትገዙ ወይም ልትሰጡ ስትሉ ምን ትዩ?

1ኛ፦ ከቁጥሩ ይልቅ ዲግሪውን አንብቡ፤ አንዳንዱ ፋብሪካ ቁጥሩን እንደፈለገው ነው የሚጽፈው። ጀማሪ ከሆናችሁ 21 ዲግሪ፣ ትንሽ ከለመዳችሁ 18። 13.5 ዲግሪ የተጻፈበት ካያችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት።

2ኛ፦ ከላይ ሆናችሁ እዩት። ከፊት ወደ ኋላ ሰፋ ያለ፣ ፊቱ ግን አጠር ያለ ይሁን። ፊቱ ረጅም ከሆነ ኳሷ ሳር ላይ ተኝታ ስትመቱት ከሥሯ መግባት ይቸገራል።

3ኛ፦ ዘንጉ። ስቲፍ የሚባለው ደረቁ ፈጥኖ ለሚመታ ሰው ነው። ለአብዛኞቻችን ሬጉላር የሚባለው ይበቃል፣ ለታዳጊ ልጅ ከዚያም ለስለስ ያለ። 7 ቁጥር ከ3 ቁጥር አጠር ስለሚል ኳሷን መሃል ላይ ማግኘትም ይቀላል።

4ኛ፦ አዲስ አትፈልጉ። አሥር ዓመት ያስቆጠረ ዱላ ከሆነ በቂ ነው። ፊቱ ላይ ስንጥቅ እንደሌለው፣ ጭንቅላቱና ዘንጉ የሚገናኙበት እንደማይነቃነቅ እዩ። መያዣው ካለቀ በቀላሉ ይቀየራል። ጭረት ምንም አይደለም፣ የኔን ፎቶ አይታችሁት የለም?

ሐቁን ለመናገር 3 ቁጥር ጥፋት የለበትም። ፈጥኖና አጥርቶ ለሚመታ፣ በተለይ ኳሷን ከፍ አድርጎ አስቀምጦ ለሚጀምር ሰው ጥሩ ዱላ ነው። ነፋስ በሚበዛበት ቀንም ዝቅ ብላ የምትሄድ ኳስ ትጠቅማለች። እንደዚህ የምትመቱ ካላችሁ ይሄ ጽሑፍ እናንተን አይመለከትም። ግን በእውነት ስንት ናችሁ?

የመጨረሻው ቃሌ ውጭ ሀገር ላላችሁ ልጆቼና እዚህም ጓዳችሁ ውስጥ አሮጌ ዱላ ላላችሁ ነው። ለካዲ ልጆች ዱላ ስትሰጡና በሻንጣ ስትልኩ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በዚህ አልቀልድም። ነገር ግን እባካችሁ እናንተን ያስቸገራችሁን ዱላ ለልጅ አትስጡ። እናንተ በአስተማሪ ክፍያ፣ በሳጥን ሙሉ ኳስ ያልቻላችሁትን ዱላ እሱ በተለቀመ ኳስ ይችለዋል ብላችሁ ነው? 5 እና 7 ቁጥሩን ስጡት፣ 3 ቁጥሩን እናንተ ዘንድ ይቆይ።

ፎቶው ላይ ያለው ዱላ የውሰት ነው፤ ባለቤቱ በዚህ ወር መጨረሻ ይፈልገዋል። ልጁ ከእጁ ሳይወጣ ሌላ 7 ቁጥር ላገኝለት እፈልጋለሁ። ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ልደታ ባቡር ጣቢያ ድረስ መጥቼ እቀበላለሁ። «የሽማግሌ ዱላ» ቢሆንም ግድ የለም፣ እኛ ሽማግሌ እናከብራለን።